ግልጽ ደብዳቤ፦ እባክዎ ቦሌሮን ያስጨርሱን

ይድረስ ለሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያው የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። የእሁድ ጠዋቱ የክላሲካል ሙዚቃ ፕሮግራማችሁ ደንበኛ ነኝ። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ ኮንሰርት አዳራሽም ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ ሙዚቃ የማውቃትን ታህል ያወቅኩት ከእናንተ ነው። ቅሬታዬን ውለታ እንዳለበት ሰው ቅሬታ ይቁጠሩልኝ።

ባለፈው እሁድ ቦሌሮ የተባለው የአቀናባሪው ራቬል የኦርኬስትራ ሙዚቃ ሲከፈት ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ቶሎ ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁ። የቦሌሮ ከበሮ ሲጀምር ጠረጴዛ በጣት ጫፍ የመምታት ያህል ስለሆነ ከውሃ ድምፅ ጋር አይሰማም። ለካ መዝጋትም አያስፈልግም ነበር! ከበሮው ገና ከመጀመሪያው እንደ ወታደር ሰልፍ ደመቀ። ማስተላለፊያችሁ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ እንደሚያስተካክል ይገባኛል። መኪና ውስጥ ለሚያዳምጥ ሰው ደግ ነው። ለቦሌሮ ግን መርዝ ነው። ዜማው ያው፣ የከበሮው ምት ያው፤ ከፍሉት ወደ ክላሪኔት እያለ መሣሪያው ይቀያየራል፣ ድምፁ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ገና ሲነሳ ከጮኸ ወዴት ይሂድ? ለዚያች አንድ ሰዓት እንኳ ማስተካከያውን ላላ ቢያደርጉት ምናለ?

ይሁን፣ ይህንንም ቻልኩት። ሰው 15 ደቂቃ ያህል የሚታገሠው መጨረሻ ላይ ኦርኬስትራው በሙሉ አንድ ላይ ሲናድ ለመስማት ነው። እናንተ ግን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ድምፁን ቀንሳችሁ «ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን ደርሷል» አላችሁ። አረፋው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

«ሁሌ ያንኑ ነው የምታጫውቱት» ብለው የሚወቅሷችሁ አሉ። እኔ የለሁበትም። አቀናባሪው ፓኬልቤል የሞተው እ.ኤ.አ. በ1706 ነው። ካኖን የተባለው ድርሰቱ ለዘመናት ተረስቶ ኖሮ ዓለም ያወቀው የፓያር ኦርኬስትራ በ1968 ከቀረጸው በኋላ ነው። ዛሬ ሰርግ ያለ እሱ አይሆንም የሚል ሞልቷል። ቼሎ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ እነዚያኑ ስምንት ኖታዎች 28 ጊዜ ይመላልሳቸዋል፤ ድግግሞሽ የሚሰለቸው ሰው መጀመሪያውኑ ካኖን ጋ ምን አመጣው? አዳጆ የተባለው የሳሙኤል ባርበር ድርሰት ደግሞ በ1938 የኦርኬስትራ መሪው ቶስካኒኒ እየመራው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በሬዲዮ ስርጭት ነው። ታዋቂዎቹን ማጫወት አያሳፍርም። እንዲያውም ግማሹን ታዋቂ ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ።

ፕሮግራም መሪያችሁንም ሳላመሰግን አላልፍም። አንድ ቀን የቪቫልዲን «ፀደይ» ከመክፈቷ በፊት፣ በሁለተኛው ክፍል ላይ ቪዮላ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ የሚያሰማው የውሻ ጩኸት እንደሆነ ነገረችን። ፍየል ጠባቂው ተኝቷል፣ ውሻው አጠገቡ ይጮኻል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል በሰማሁ ቁጥር ውሻው ይታየኛል። እንዲህ ያለችውን አጭር ነገር አብዙልን። የኦርኬስትራውን ስም ደግሞ ሙዚቃው ሲያልቅም ድገሙት፤ መሃል ላይ የምንከፍት ብዙ ነን።

ሰዓቱ አይበቃም ከተባለ ስድስት ቆራርጦ ከማሰማት ሦስት ሙሉ ይሻላል። የሚቀጥለው እሁድ ቦሌሮን ከመጀመሪያው ይድገሙልን። ሰሃኑን ቀድሜ አጥቤ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣
የእሁድ ጠዋት አድማጭ