ዲጄ «ተቀበል» አይባልም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ድረናል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ሰርግ ነው።

ሰርጉ ያማረ ነበር። እንደ ወሎ ወግ የክርስቲያኑ ማዕድ በአንድ በኩል፣ የሙስሊሙ በሌላ በኩል ተዘርግቶ ሰው ሁሉ በልቶ ጠገበ። ቄሱም ሼሁም አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነሡ። ዲጄው ድምፁን አልቀነሰም። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ጊዜ እጁን እያነሣ ምልክት ሰጠው። ምርቃቱን የሰማነው ከሽማግሌዎቹ ጎን የቆምነው ብቻ ነን። ሌላው ሰው የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ እያየ ነው «አሜን» ያለው።

ቀጥሎ የአገር ፍቅር ዘፈን ተለቀቀ። ዘፈኑ ውስጥ ጥይት ይንጣጣል። ወጣቶቹ ባንዲራ ወገባቸው ላይ አስረው ወደ መሀል ገቡ። አንዱ ባንዲራ ተፈትቶ ወደቀና ቢራ የፈሰሰበት መሬት ላይ ተረገጠ። አንሥቼ አጣጠፍኩት። ቀና ስል አጠገቤ ተቀምጣ የነበረች ጎረቤታችን የለችም። ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ልጇን ያጣች እናት ናት።

አዘጋጅ ሆይ፣ ደሴ የተኩስን ድምፅ ከዘፈን አልተማረችውም። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በጆሯችን ሰምተነዋል። ሰው ልጁን አዝሎ፣ አሮጊት እናቱን ደግፎ በኮምቦልቻ መንገድ የተሰደደው ያንን ድምፅ ሸሽቶ ነው። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው ለሰርግ ማድመቂያ የሚሆነው?

ዲጄውን ሄጄ አናገርኩት። ተማሪዬ ነበር። «አብሽር ቲቸር፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ይሄንን ነው» አለኝ። በአክብሮት ነው የመለሰልኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን የሚጦረው በዚሁ ሥራ ነው። ግን መልሱ ሌሊቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሕዝቡ የሚፈልገውን በምን አወቀ? ማንን ጠየቀ?

እኔ ልጅ ሆኜ ሰርግ ላይ ዋናው ቃል «ተቀበል» ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል። አንድ አጎት ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይለዋል። ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው ይቀበላል፣ በዜማው ያስገባዋል፣ ድንኳኑ ሁሉ ይሰማዋል። ሌላው ደግሞ ይመልሳል። የተጣሉ ጎረቤታሞች በግጥም ተነካክተው፣ በግጥም ታርቀው የገቡበትን ሰርግ አውቃለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ሟች ባሏ ስንኝ ሰጥታ ድንኳኑ በሙሉ ያለቀሰበትንም አውቃለሁ። ሙዚቃው ከእኛው አፍ ወጥቶ ወደ እኛው ይመለስ ነበር። ዲጄን ግን «ተቀበል» ብትለው ምን ይቀበልሃል? እሱ የሚያውቀው መልቀቅ ነው። ድሮ «ዘፈነ» እንል ነበር፤ ዛሬ «ለቀቀ» ነው የምንለው።

የአገር ፍቅር ዘፈንም እንዲሁ ሆኗል። ይለቀቃል እንጂ አይቀበልም።

ስለ ፉከራ ደግሞ ልንገርዎት፤ እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚያርረው። አያቴ ፉከራ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲነግሩን ፉከራ ወግ አለው። ፎካሪ አባቱን ይጠራል፣ የዘር ሐረጉን ይጠራል፣ የዋለበትን ቦታ ይጠራል። ሰሚው አብሮት የዋለ ነውና መዋሸት አይችልም። ያልዋለ ሰው ተነሥቶ ቢፎክር ሴቶቹ ናቸው የሚያሳፍሩት። ሽለላና ቀረርቶም ጊዜና ቦታ ነበራቸው። ለዘመቻ ሲወጣ፣ አውሬ ሲገደል፣ የጀግና ለቅሶ ላይ። ዛሬ ቀረርቶው ከከበሮ ማሽን ጋር ተቀላቅሎ ለጭፈራ ቤት መክፈቻ ይሆናል። የቲክቶክ ልጅ በሠላሳ ሰከንድ ፎክሮ ይጨርሳል። የባሰው ደግሞ የዘመናችን ፉከራ የጎረቤትን ወገን የሚሰድብ መሆኑ ነው። በአንድ ባንዲራ ሥር ያለውን ሰው እየሰደቡ የአገር ፍቅር ይሉታል። አያቴ የፎከሩት በወራሪ ላይ ነበር።

ወሎ ደግሞ ወራሪ ምን እንደሆነ ያውቃል። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ትርጉም ስለተለያየ አድዋ ድረስ አደረሰን። አጤ ምኒልክም በክተት አዋጃቸው የሸዋን ሰው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ነው ያሉት። ወረኢሉም ወሎ ነው። የወሎን ጦር ራስ ሚካኤል መርተው አድዋ ወረዱ። ከ40 ዓመት በኋላ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ከተማ ነበሩ። ይህን ሁሉ ልጆቻችን በዜማ ሊሰሙት ይገባ ነበር። አሁን ግን በየካቲት 23 ከድምፅ ማጉያ የምሰማው ዘፈን «ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ» ይላል፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ ተራራ፣ አንድ ሰው አይጠራም። ውጫሌን ያላየ ልጅ ስለ አድዋ ምኑን ይወዳል?

የእኛን ቅኝቶች ስም ያስቡት። አምባሰል ተራራ ነው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። አገሩ ራሱ የዜማ ስም ሆኗል። ማሪቱ ለገሰ በአምባሰል ስታንጎራጉር አዲስ አበባ ያለውም ሰው፣ አሜሪካ ያለውም ሰው ያለቀሰው «አገሬ» የሚለውን ቃል ስለደጋገመችለት አይመስለኝም። ቅኝቱ ራሱ አገር ስለሆነ ነው። መንዙማውም እንደዚያው ነው። የወሎ ሼሆች ሃይማኖታቸውን በአማርኛ ስንኝ አስተምረዋል። ድቤው እየተመታ፣ ጭብጨባው እየሞቀ፣ መጨረሻው ላይ «አገራችንን አማን ያድርግልን» ተብሎ ዱዓ ይደረጋል። ይህ የአገር ፍቅር ዘፈን ካልሆነ የትኛው ነው?

አገሩን ሳያውቁ መዝፈን ምን እንደሚመስል ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ዓለምን ሲያስለቅስ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰባስበው ዘፈኑልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ አድኗል። እኔ ያኔ ወጣት መምህር ነበርኩ። ግን ዓለም የሰማው ወሎ የረሃብ ወሎ ብቻ ነው። የሐይቅን ውኃ፣ የቦርከናን ወንዝ፣ የባቲን ገበያ አያውቅም። ዛሬ የራሳችን ዘፋኞች ስለ ራሳችን አገር እንደ ባዕድ ሲዘፍኑ ስሰማ ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

ባዕድ ነገር ሁሉ ይውጣ የምል ሰው ግን አይደለሁም። በልጅነቴ በየማለዳው የዘመርኩትን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመን ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ መሪ ነበር። አርመን ደርሶት እኛ ደረታችንን ነፍተን ዘምረነዋል። መሣሪያውም ትራምፔት ነበር። ታዲያ የምጠላው ጊታሩንና ኪቦርዱን አይደለም። ወግ የሌለውን ነገር ነው።

እኔ በአንድ ዕድሜ ሦስት ብሔራዊ መዝሙር ዘምሬያለሁ። የመጀመሪያው የንጉሡ ነው። በደርግ ዘመን ተቀየረ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ተቀየረ። ሦስተኛውን ያስዘመርኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሜ። መንግሥት በመጣ ቁጥር መዝሙሩ ሲለዋወጥ የትዝታ ቅኝት አንድም ቀን አልተለወጠም። ጡረታ ልወጣ ሰሞን ግን መዝሙሩ በፍላሽ ተጭኖ በስፒከር ይለቀቅ ጀመር። ልጆቹ ዝም ብለው ቆመው ይሰማሉ። አንዳንዱ ማስቲካ ያኝካል። ያ ነገር ከሰርጉ ዲጄ ጋር አንድ ሆኖ ይታየኛል። አፋችንን ዘግተን ማሽን ስለ እኛ እንዲዘምር ትተንለታል።

አንዳንድ ወጣት ወዳጆቼ «ጋሼ፣ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ሙዚቃ አለው» ይሉኛል። እውነት ነው። አባቴም የእኛን የትዊስት ዳንስ አይወዱትም ነበር። ግን እኛ ትዊስት ስንጨፍር ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ ሙዚቃው ይቆም ነበር። ማንም «አቁሙ» አይለንም፤ እናውቀዋለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ምርቃት የማያስቆመው ሙዚቃ ምን ያስቆመዋል?

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ጥቂት ሰዎችን ልለምን። የሰርግ ባለቤቶች፣ ዲጄ ስትቀጥሩ አብራችሁ አንድ አዝማሪ ጥሩ፤ ለአንድ ሰዓት ይሁን። ዲጄዎች፣ ሽማግሌ ሲነሣ ዝም በሉ፤ ጥይት ያለበትን ዘፈን ደግሞ ቢያንስ እዚህ ወሎ ውስጥ ተዉት፤ ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አታውቁም። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ስፒከሩን አጥፉና ልጆቹ በራሳቸው አፍ ይዘምሩ፤ ቢሳሳቱም ይሳሳቱ። አራቱን ቅኝት፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ለማስተማር አንድ ማሲንቆ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢገዛ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ማሲንቆ እኮ እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ነው።

እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ። የሰፈራችንን ስድስት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ እሰበስባለሁ። ማሲንቆ የሚያስተምራቸው አንድ አዛውንት አዝማሪ አግኝቻለሁ፤ ክፍያው ምሳና የታክሲ ነው። ባለፈው ሳምንት ከልጆቹ ትንሿ፣ የ9 ዓመት ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ተቀበል» አለችው። ስንኙ ስለ ሟች አያቷ ነበር፤ ቤት አይመታም። አዛውንቱ ግን ማሲንቆውን አስተካክሎ ተቀበላት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደሴ