የጓሮ ልማት ክበብ፦ ክረምቱን ብቻውን የሚያልፍ ጓሮ

ጅማ ላይ አረም የሚበረታው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ኮትኳች በሚጠፋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። የክበቡ የዘንድሮ ዕቅድም ከዚሁ ተነሣ፤ ሁለት ወር ሰው ባይደርስበት የማይበላሽ ተክል ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። ቲማቲም በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉ ጠቁሮ ስለሚበሰብስ፣ ሰላጣም ውሎ ሳያድር ስለሚያብብ ከዝርዝሩ ወጡ።

ቦታው 12 በ8 ሜትር ነው። በጥቅምት ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጥላ የሚያርፍበት በካስማ ተለየ። 30 ሳ.ሜ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሁለት ጊዜ ውኃ ተሞላ፤ ሁለተኛው ካደረ ቦታው ውኃ ይቋጥራል ማለት ነው፣ አቮካዶም እዚያ ሥሩ ይበሰብሳል።

የቡና ገለባ ለጅማ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ጥሬውን አፈር ውስጥ መቀላቀል ግን ችግኝ ያቀጭጫል። ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል። ስለዚህ በኅዳር ሦስት እጅ ገለባ፣ አንድ እጅ እርጥብ ቅጠል፣ አንድ እጅ እበት እየተነባበረ ተከመረ፤ በየሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠ ለመጋቢት ደረሰ። እርጥበቱ የሚለካው በጭብጥ ነው፦ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይውጣው።

ከሁሉ አድካሚው ሰርዶ ነው። በዶማ መከትከት ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ይበቅላል። በፎርክ እየተፈለፈለ ሥሩ ከወጣ በኋላ በመደቦቹ መካከል ባሉት 50 ሳ.ሜ መተላለፊያዎች ላይ ፕላስተሩ የተላጠ ካርቶን ጠርዝ በጠርዝ አንድ ስንዝር ተደራርቦ ተነጠፈ፤ ውኃ ጠጥቶ 10 ሳ.ሜ ደረቅ ሣር ለበሰ። ሣሩ ግንድ ከነካ ምስጥ ይጠራል፤ አንድ ስንዝር ይራቅ።

የመደቦቹ ስፋት 1.20 ሜትር ነው፤ ከሁለቱም ጎን እጅ መሃል ይደርሳል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የገባው ስኳር ድንች የዕቅዱ ምሰሶ ነው። 30 ሳ.ሜ ሐረግ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ፣ በተክል መካከል 30፣ በቦይ መካከል 60 ሳ.ሜ ሲተከል ሰኔ ላይ መሬቱን ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ አረም ብርሃን አያገኝም። ጤና አዳም ውኃ ስለሚጠላ ከተዳፋቱ በላይኛው በኩል፣ ጠጅ ሣር በ60 ሳ.ሜ ርቀት ከጎን ሆነ። ከታች ጠርዝ ቬቲቨር ሣር ተዳፋቱን አቋርጦ በ15 ሳ.ሜ ርቀት ተደረደረ፤ አንድ ክፍተት ከቀረ ጎርፉ በዚያው ይሰብራል። እንሰት ሦስት እግር ብቻ ነው። የአጠውላጊ በሽታ በቢላ ስለሚተላለፍ፣ ቢላው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያልፍ በእሳት ይለብለብ።

በሰኔ የቀረው ቦዩን መጥረግና ቬቲቨሩን ከመሬት 40 ሳ.ሜ ላይ ማጨድ ነበር። ስኳር ድንቹ በመስከረም ይወጣል። ሐረጉን ለቤቱ ጓሮ የሚፈልግ ተማሪ ዝናቡ ሳያባራ እንዲተክለው በመጀመሪያው የክበብ ቀን ከረጢት ይዞ ይምጣ።