ገቢውን ስትቀበሉ ፍሬኑንም ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፈው ከዲላ ነው። ስራዬ ሞተር ሳይክል መጠገን ነው። ስለ ሞተር አደጋ ሲወራ ሁሌ የማነበውና የምሰማው ያው ነው፤ ነጂው ልጅ ነው፣ ይፈጥናል፣ ትርፍ ይጭናል፣ ከነጭራሹም መንጃ ፈቃድ የለውም። ውሸት ነው አልልም። ግን ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚመጣውን ሞተር ለሚፈታ ሰው ሌላም የሚታየው አለ። ስለ ባለቤቱ ማንም አያወራም። እኔ ዛሬ ስለ እሱ ነው የማወራው።

በእኛ ከተማ ሰው ጭኖ ከሚሰራው ሞተር ብዙው የነጂው አይደለም። ባለቤቱ ነጋዴ ነው፣ መምህር ነው፣ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ ወይ ደግሞ ውጭ ያለች እህቱ ገዝታለት በሩቁ የሚያሰራ ሰው ነው። ልጁ ጠዋት ሞተሩን ይወስዳል፣ ማታ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የራሱ ነው። ቤንዚን የልጁ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘይትስ? ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራስ? ጎማስ? ይሄን ቁጭ ብለው የተነጋገሩበት ባለቤትና ነጂ ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጥቂት ናቸው። ልጁ "ሞተሩ የኔ አይደለም" ይላል። ባለቤቱ "የሚነዳው እሱ ነው" ይላል። በመሀል ሸራው ያልቃል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቦክሰር የሚባለው ሞተር መጣ። ልጁ "ጋሼ፣ የኋላ ፍሬን ትንሽ አጥብቅልኝ፣ ቸኩያለሁ" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የፍሬኑ ዘንግ ጫፍ ላይ የምናጠብቃት ዳዶ መጨረሻዋ ደርሳለች፣ ከዚያ ወዲያ የምትዞርበት ጥርስ የለም። ፍሬን ሲረገጥ አብራ የምትዞር ትንሽ ቀስት አለች፣ ብዙ ሞተሮች ላይ አለች፤ ቀስቷ ምልክቱን ካለፈች ሸራው አልቋል ማለት ነው። ድሮ አልፋለች። ጎማውን ፈታሁት። ሸራ የሚባል ነገር የለም፣ ባዶ ብረቱ ነው ሸራው የሚያርፍበትን ታምቡር ሲፍቅ የከረመው። ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። "ለዛሬ አጥብቅለትና ይሂድ፣ ገቢ ላይ ነው" አለኝ። አላደርግም አልኩት። መጣ፣ የታምቡሩን ውስጥ በጣቱ ዳሰሰው። ጣት የሚገባበት ቦይ ሆኗል። ዝም ብሎ ከፈለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሞተሩን ከገዛበት ቀን ጀምሮ አንዴም ጎንበስ ብሎ አይቶት አያውቅም፣ እሱ ነው ችግሩ።

ያ ልጅ በየቀኑ የሚመላለሰው ከቡሌ ወደ ዲላ ባለው ቁልቁለት ነበር። ዳገት ያለበት አገር የሚነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደም ያውቀዋል። ልጆቹ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን አውጥተው በፍሪ ይለቁታል። ሞተሩ በማርሽ ሲወርድ ራሱ ይይዛል፣ ግማሹን ስራ ከፍሬን ላይ ያነሳል። በፍሪ ሲወርድ ግን የሞተሩም፣ የሰዎቹም፣ የቡናው ጆንያም ክብደት በሙሉ ሸራው ላይ ያርፋል። ሸራው ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ከዚያ በኋላ ብትረግጡት ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። የፊቱ ፍሬን በዘይት የሚሰራ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ብዙ ከቆየ ሲግል ይፈላል፣ ውስጡ አረፋ ይሆናል፣ የእጅ ፍሬኑን ስትጨብጡት ያለ ምንም ጉልበት እስከ መሪው ድረስ ይመጣል። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል፣ የተጻፈውን ብቻ ጨምሩ። ዘይት ነው ተብሎ የሞተር ዘይት የተጨመረበት ፍሬን አይቻለሁ፤ ውስጥ ያሉት ጎማዎች አብጠው ፍሬኑ ጨርሶ ደርቆ ነበር።

ስለ ሞተር ዘይትም ላውራ፣ እኔን በጣም የሚያበግነኝ እሱ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያቺ አንድ ሊትር ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ የሞተሩን ጉልበት ለማርሹ የሚያቀብለውን ፍሪሲዮንም ታገለግላለች። መኪና ላይ ማርሹ የራሱ ዘይት አለው፣ ፍሪሲዮኑም በደረቁ ነው የሚሰራው። እዚህ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ስለዚህ "ያው ዘይት ነው" ተብሎ ለመኪና የተሰራው ሲገባ፣ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ማለስለሻ ስላለበት፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ዳገቱን ግን አይወጣም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) ወይም ኤም ኤ 2 (MA2) የሚል ፈልጉ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ምልክት ነው። የዘይቱን ውፍረት ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ይነግራችኋል፣ መጽሐፉ ከጠፋ መካኒካችሁን ጠይቁ። ደረጃውን ስታዩ ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ በመሀል ማቆሚያው አቁሙት። በጎን ማቆሚያ ዘንበል ብሎ የቆመ ሞተር ዘይቱን በትክክል አያሳይም። መቀየሪያ ጊዜውን በተመለከተ ፋብሪካው የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ አቧራ ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ሁለት ሰው ጭኖ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሰራ ሞተር ቀደም ብሎ መቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ሊትር ዘይት ሰስቶ ፒስተንና ሲሊንደር የሚገዛ ባለቤት አለ። ገንዘቡን እያየሁ እኔ ነኝ የማዝንለት።

ሰንሰለቱም የባለቤት ዓይን ይፈልጋል። በመሀል ማቆሚያ አቁሙትና ከስር በኩል መሀሉን በጣት ወደ ላይ ወደ ታች ግፉት። ለአብዛኛው ትንሽ ሞተር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢጫወት ደህና ነው። ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ደግማችሁ ለኩ፣ ሰንሰለት እኩል አያልቅምና አንዱ ጋ ላልቶ ሌላው ጋ ይወጠራል። ከላላ ከጥርሱ ይወጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። "ይበልጥ ይጠንክር" ብሎ ማጥበቅም ኩሽኔታውን ይበላል። ጥርሱ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሮ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየር። ሲጸዳ በነጭ ጋዝ ነው፣ ከዚያ ተደርቆ ንጹህ የማርሽ ዘይት ይቀባል። ከሞተሩ የወጣው የተቃጠለ ዘይት አይሆንም፣ ውስጡ የብረት ብናኝ ነው ያለው። ማያያዣዋ ላይ ያለችው ክሊፕ ደግሞ የተዘጋው ጎኗ ወደ ሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጣ የገባችበትን ሞተር ብዙ ጊዜ አገኛለሁ። ይህን ሁሉ ስትሰሩ ሞተሩ ይጥፋ። ሰንሰለት እየዞረ ዘይት ሲቀባ ጣቱን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ጎማ ላይ ረጅም አላወራም። ነፋሱ ሳይነዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው፤ ለብቻ ሲነዳና ሰው ሲጫን ልኩ የተለያየ ነው፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። በጎማው ቦዮች ውስጥ ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፣ የጎማው ፊት ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ አልቋል፣ በተለይ የእኛ ቀይ ጭቃ ላይ። ጎኑ ላይ ደግሞ የተሰራበት ጊዜ አራት ቁጥር ሆኖ ተጽፏል። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። አዲስ ተብሎ ሲሸጥላችሁ ይህን አይታችሁ ግዙ።

ማታ ገቢውን ስትቀበሉ ሞተሩ ግቢያችሁ ገብቶ የለ? እዚያው ቆሞ ሳለ ብዙ ነገር ማየት ይቻላል። ሞተሩን አስነሱና መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩት። ድምፁ ከጨመረ የጋዙ ካቦ ተወጥሯል ማለት ነው፣ አንድ ቀን ሲታጠፍ ራሱን ችሎ ይፈተለካል። ጋዙን ሰጥታችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ተመልሶ ካልተዘጋ አታሳድሩት። የፊቱን ፍሬን ያዙ፣ የኋላውን እርገጡ፣ ስቶፕ መብራቱ በሁለቱም መብራት አለበት። ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ። ስፖኪዮ ፈትተው የሚነዱ ልጆች "ያምራል" ይላሉ፤ ከኋላቸው የሚመጣውን አይሱዙ በምን ሊያዩት ነው? የጎን ማቆሚያው ሞላ ከላላም በቶሎ ይቀየር። ሳይታጠፍ ተንጠልጥሎ ከሄደ ወደ ግራ ሲታጠፉ መሬት ይነካና ሞተሩን ያስፈነጥረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሴቶች ተሳፋሪዎችን ይመለከታል። አንዳንዱ ሞተር ከፋብሪካ ሲመጣ በኋላ ጎማ በኩል የከለላ ብረት አለው። ህንዶቹ ያደረጉት የሴቶቻቸው ሳሪ በጎማው እንዳይጠለፍ ነው። እኛ ነጠላ የምንለብስ ህዝብ "ሞተሩን አከበደው" ብለን ፈትተን እንጥላለን። ነጠላ ጎማ ወይም ሰንሰለት ሲይዘው ከአንገት ነው የሚጎትተው። ከለላው ያለበት ሞተር ያላችሁ አትፍቱት፣ ከተፈታም ፈልጋችሁ አስገጥሙት፤ ነጂዎችም ተሳፋሪዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ እስክትቀመጥ ጠብቁ። እናቶቻችን ናቸው።

ሄልሜት ለነጂው ብቻ ገዝቶ "አለኝ" ማለትም አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ሲጠቅሰው የቆየ ቁጥር አለ፤ በትክክል የተደረገ ሄልሜት የመሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። በትክክል ማለት አገጭ ስር ታስሮ ነው፣ ክንድ ላይ አንጠልጥሎ ወይም ሰርባቶዮ ላይ አስቀምጦ አይደለም። ከባድ ግጭት ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፣ ሁለተኛ አያድንም። ለተሳፋሪ ሁለተኛውን የመግዛት ግዴታ የማን ነው? እንደኔ የባለቤቱ ነው።

ባለቤቶች ሲሟገቱኝ የሚያነሱት ቦሎውን ነው። "ቦሎ አሳድሻለሁ፣ ምርመራ አልፏል" ይሉኛል። ቦሎ የአንድ ቀን ፎቶ ነው። በዓመት አንዴ ታይቶ ያለፈ ሸራ በእኛ ዳገት ላይ ዓመቱን ሙሉ ሸራ ሆኖ አይቆይም። የሶስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ ይገባሉ፣ ትራፊክ ይጠይቃቸዋላ። ሸራውን የሚጠይቅ ግን መንገድ ላይ የለም። የሚጠይቀው ወይ እናንተ ናችሁ ወይ ቁልቁለቱ ነው።

"ገንዘብ የለም" ለሚለኝም መልስ አለኝ። ኑሮ እንደከበደ አውቃለሁ፣ የመለዋወጫ ዋጋ በየጊዜው እንደሚጨምር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ደንበኛ ፊት ዋጋ ስናገር እኔም ይጨንቀኛል። ግን ከላይ ከዘረዘርኩት ብዙው ማየት፣ መዳሰስና ማጥበቅ ነው፣ ብር አይጠይቅም። ብር የሚጠይቀውም በጊዜው ከተሰራ ትንሽ ነው። ልጁን ደግሞ አትርሱት። ገቢው ካልሞላ ሞተሩን እንደምትነጥቁት ያውቃል፣ ስለዚህ ፍሬኑ እንደላላ እያወቀ ዝም ይላል። "ጋሼ፣ እንዳትነግርብኝ፣ ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል" ያለኝ ልጅ አንድና ሁለት አይደለም። ብልሽት የተናገረን ነጂ የምትቀጡ ከሆነ ብልሽቱን የምትሰሙት ከሆስፒታል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ባለቤቶች ከነጂው ጋር በወረቀት ተዋዋሉ። ቤንዚንና የጎማ ጥገና የነጂው፤ ዘይት፣ ሸራ፣ ጎማ፣ ሰንሰለትና ሁለት ሄልሜት የባለቤቱ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ግማሽ ቀን ገቢ የማይጠየቅበት የሰርቪስ ጊዜ ይኑር፣ ሁለታችሁም ጋራዥ ኑና ሲፈታ እዩ። ብልሽት አለ ብሎ ሞተሩን ያቆመ ነጂ የዚያን ቀን ገቢ አይጠየቅ። የሞተር ማህበራትም አባል ሲመዘግቡ ሊብሬና መድን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ውል ቢጠይቁ ጥሩ ነው፤ የከተማችን ትራንስፖርት ጽህፈት ቤት ሊያግዝ ከፈለገ አንድ ገጽ ናሙና አዘጋጅቶ ቢያድል ይበቃል። እኔ በበኩሌ ባለቤትና ነጂ አብረው ከመጡ ፍተሻውን ያለ ክፍያ እሰራለሁ፣ የምቀበለው የተቀየረ እቃ ካለ ብቻ ነው።

አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ
ዲላ