ሆዱ የተነፋ ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ትርፍ አንጀት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ትርፍ አንጀት የተባለው ልክ ነው፤ ሕመሙ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። የከነከነኝ መጨረሻው ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚተው እስኪነጋ መታገሥ ይቻላል ይላል። እስኪነጋ የታገሡትን በቃሬዛ ሲያመጧቸው የምቀበለው እኔ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ ምጥ የጠናባትን እናትና አንጀቱ የተዘጋበትን ሰው እንዲያክሙ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ ከሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው።

የአንጀት መታጠፍ በአገራችን፣ በተለይ በገበሬ ወንዶች ላይ፣ እንግዳ በሽታ አይደለም። ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ሲረዝምና ሥሩ ሲጠብ በራሱ ላይ ይዞራል። አንጀቱ ሳይሞት ከደረሰልን በፊንጢጣ ቱቦ አስገብተን እናስተነፍሰዋለን፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚታጠፍ በኋላ በቀጠሮ ይቆረጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚህ የከፋው፣ ትንሹ አንጀት በሲግሞይዱ ሥር ተጠምጥሞ ሁለቱም የሚተናነቁበት ነው። በሕክምናው ኢሊዮሲግሞይድ ኖቲንግ ይባላል። ፓርከር የተባለ ሐኪም በ1845 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ በምዕራቡ ዓለም ዕድሜ ልኩን ቀዶ ሕክምና ሠርቶ አንድም ያላየ ሐኪም አለ። ከኡጋንዳ ግን በ1967 እ.ኤ.አ. 92 ሕሙማን ተዘግበዋል፤ እኛም እናየዋለን። ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሡት መነሻ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ውሎ ማታ በአንዴ ብዙ ምግብና ብዙ መጠጥ መውሰድን ነው። የከበደው ትንሹ አንጀት ቦታውን ለቆ ይዞራል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሌሊት የሚነሣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንዱን ልንገራችሁ። የአርባዎቹ ዕድሜ ገበሬ ነው፤ ማታ በልቶ ተኝቶ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ጮኾ ተነሣ። ቤተሰቡ «ብርድ መታው» ብለው ቅቤ ቀብተው ሲያሹት አደሩ፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ እዚያ የሕመም ማስታገሻ ተወግቶ ወደ እኛ ተላከ። እኛ ጋ ሲደርስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዟል፣ የልብ ምቱ በጣት አይያዝም። ታላቅ ወንድሙ «ዶክተር፣ ፈስ እንኳ ከሌሊት ጀምሮ አልወጣውም» አለኝ። በሁለት መስመር ሪንገር የሚባለው የደም ሥር ፈሳሽ እየሮጠለት፣ የጨጓራ ቱቦ በአፍንጫው ገብቶ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ወጣለት፤ አንቲባዮቲክ ተሰጠው፣ ደም ተዘጋጀለት፤ ከዚያ ሆዱን ከፈትን። ደም የቀላቀለ የሚሸት ውኃ ገንፍሎ ወጣ። ሁለቱም አንጀቶች የበሰለ ደበርጃን መልክ ይዘው ጠቁረው ነበር።

ቋጠሮውን ልንፈታው አልሞከርንም። የሞተ አንጀት ሲፈታ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ውስጡ የታቆረው መርዝም በአንዴ ወደ ደም ይገባል። የደም ሥሮቹን ቀድመን ይዘን የሞተውን እንዳለ ቆርጠን አወጣን። የትንሹን አንጀት ጤነኛ ጫፎች አገናኘን፤ የትልቁን የላይኛውን ጫፍ ግን በሆዱ በኩል አውጥተን ሰገራው በከረጢት እንዲወርድ አደረግን። እንዲህ በደከመ ሰው ላይ ትልቁን አንጀት ወዲያው መስፋት ስፌቱ እንዲለቅ መጋበዝ ነው። ሰውየው ዳነ፤ ከወራት በኋላ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዶ አንጀቱ ተመልሶለታል።

ያ ሌሊት ግን ባክኖ ነበር። ጤና ጣቢያውም ቢሆን ማስታገሻውን መስጠቱ ክፋት የለውም፤ ሕመምተኛን በሥቃይ መላክ ደግ አይደለም። ያጠፋው ሌላውን አለማድረጉ ነው። የጨጓራ ቱቦና የደም ሥር ፈሳሽ ውድ ዕቃ አይደሉም፤ እየታነቀ ያለ አንጀት ያለበት ሰው ያለ እነሱ አምቡላንስ ላይ ሲጫን መንገድ ላይ ትውከቱ ሳንባው ሊገባ፣ ደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ ስልክ ቢደወልልን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን አሰናድተን እንጠብቃለን።

እንግዲህ የምለምናችሁ እርማት እንድታወጡ ነው፤ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው መጠን። ድንገት የመጣ የማይለቅ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት፣ ፈስና ሰገራ መቆም፣ ትውከት፤ እነዚህ ከተገናኙ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ወገሻ ሆዱን አይሽ፣ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይጠጣ፤ የተዘጋውን አንጀት የባሰ ያስጨንቀዋል። እርማቱ ሁዳዴ ሳይገባ ቢወጣ ደግሞ መልካም ነበር። ጾምን መንቀፌ አይደለም፣ እኔም እጾማለሁ፤ ሲፈታ ግን በጥቂቱ ጀምሮ ከፋፍሎ መብላት፣ ጠላውንም በላዩ ላይ አለማብዛት እንደሚበጅ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ሰሜን ሸዋ