በየብስም በውሃም ስለሚሄዱ ማሽኖች ፍሬንና ጎማ ጥገና ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በእኛ ቅር ተሰኝታችኋል። «አንድ ጎማ ይቀየርልኝ ስል በዚያ በኩል ያሉት ሁሉ ይቀየሩ ትላላችሁ፤ የግራው የፍሬን ሸራ አለቀ ስል የቀኙንም ትጨምራላችሁ» ብላችሁናል። ስላጉላላናችሁ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አንቀይረውም። ምክንያቱን ላስረዳ።

በየብስም በውሃም የሚሄደው ማሽናችሁ እንደ መኪና አይደለም። አብዛኞቹ ባለ 6 እና ባለ 8 ጎማዎች የፊት ጎማቸው አይታጠፍም። ወደ ግራ ስትዞሩ የግራዎቹ በፍሬን ይያዛሉ፣ የቀኞቹ ይገፋሉ። መሪያችሁ ራሱ ፍሬኑ ነው ማለት ነው። በአንድ በኩል ሸራው አዲስ፣ በሌላው ያለቀ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ፣ ማሽኑ ወደ አንዱ እሺ ብሎ ይዞራል፣ ወደ ሌላው ያስቸግራል። ነጂው የመሪውን እጀታ አጥብቆ ይስባል። ዲስኩ ይግላል። የቆየ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይፈላል። ያኔ እጀታው ልፍስፍስ ይላል፤ ብትስቡት የሚይዝ ነገር የለም። ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ አደጋው ይታያችኋል።

ጎማውም ያው ነው። በአንድ በኩል ያሉት ሁሉ በካቴና ተያይዘው እኩል ይዞራሉ። አንዱ አዲስ ሆኖ ከፍ ካለ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከሌሎቹ የበለጠ መሄድ ይፈልጋል። ካቴናው አይለቀውም። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግሩ አይታወቅም፤ «ጭቃ ላይ እኮ አሪፍ ነው» የምትሉን ለዚህ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ግን ጉተታውን የሚችለው ካቴናውና ካቴናው የሚያርፍበት ጥርስ ነው። ውሃ ውስጥ ደግሞ መቅዘፊያችሁ እነዚያው ጎማዎች ናቸው፤ ካቴናው ሲበጠስ መቅዘፊያችሁ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ጎማ ዙሪያ በሜትር እንለካለን። ንፋሱንም እንዲሁ። ብዙዎቹ የሚሞሉት ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ብቻ ነው፤ የመኪና መለኪያ እዚያ ታች በትክክል አያነብም። ከ3 ላይ 1 ሲጎድል ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ማሽኑ ወደ አንድ ወገን ሲጎትት መጀመሪያ ንፋሱን እዩ። ንፋስ ብቻ ሞልተን ያለ ሂሳብ የሸኘናቸው አሉ።

አንድ የቆየ ደንበኛችን «አንተም ገንዘብ ወደድክ» አለኝ። ቅስሜን ሰበረው። ይህን ጋራዥ ስከፍት ከአንድ ፖምፓና ከጥቂት መፍቻ በቀር ምንም አልነበረኝም። ሰው ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። ጎማውም ሸራውም ካቴናውም ዋጋው ጨምሯል፤ ጫናው እኔም ላይ አለ። ገቢ ብቻ ብፈልግ አንድ በአንድ እየቀየርኩ ሸኝቼ፣ ካቴናው ሲበላ መልሼ እቀበላችሁ ነበር።

የተበሳ ጎማ እንደ ድሮው እንለጥፋለን። ያገለገለ ጎማ ካላችሁም አምጡት፤ ዙሪያው ከሌሎቹ ጋር እኩል ከመጣ እንገጥመዋለን። ስንለካ አጠገባችን ቁሙ፣ ሜትሩን ራሳችሁ ያዙት። ካላመናችሁበት ሥራውን አንጀምርም። ብቻ ወደ ሌላ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ መጥታችሁ እዩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት