ለልጄ፦ ቀስት፣ ለውዝና ስኳር

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ያው ጉልበቴ ብቻ ነው።

ባለፈው ስልክ ላይ «ሕግ ማለት ወረቀት ማገላበጥ ብቻ ነው» ብለሽ ስትማረሪ ፓስተኖች ትዝ አሉኝ። የእንግሊዝ አገር ቤተሰብ ናቸው፣ ኖርፎክ የሚባል ቦታ። ክሌመንት ፓስተን ተራ ገበሬ ነበር። ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ እህሉን ጭኖ፣ እላዩ ተቀምጦ ወፍጮ ቤት ይሄድ ነበር ይላሉ። ይህን የጻፈው ጠላታቸው ነው፤ ለስድብ መሆኑ ነው፣ እኔ ግን ሰውየውን ወደድኩት። ተበድሮ ልጁን ዊልያምን አስተማረ። ልጁም በፈረንጆቹ 1429 የንጉሡ ዳኛ ሆነ፤ መሬትም በላይ በላዩ ገዛ።

በ1444 ዳኛው ሲሞት ጣጣው ለልጁ ለጆን ተረፈ። በ1448 ሎርድ ሞሊንስ የሚባል ባላባት፣ ዳኛው የገዛውን ግሬሻም የሚባል ርስት «የኔ ነው» ብሎ ያዘው። ጆን ለንደን ሲሟገት ሚስቱ ማርጋሬት እዚያው መንደር ቤት ይዛ ቁጭ አለች። ያኔ የጻፈችለትን ደብዳቤ ስንቴ እንዳነበብኩት! በመዘውር የሚወጠር ቀስትና ፍላጻ ግዛልኝ ትለዋለች። የቤቱ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ በረጅሙ ቀስት ከውስጥ መተኮስ አይቻልማ። እዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ፓውንድ ለውዝ፣ አንድ ፓውንድ ስኳር፣ ለልጆቹም የልብስ ጨርቅ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቆይታ ግን አንጀቴን በላችው።

በጥር 1450 ቀስቱም አላዳናት። ጆን በኋላ ባቀረበው አቤቱታ እንዳለው፣ 1,000 ያህል የታጠቀ የሞሊንስ ሰው ነው የመጣው፤ ከሷ ጋር የነበሩት 12 ናቸው። ያለችበትን ክፍል ግድግዳ ከሥሩ ቆፍረው ናዱት፣ እሷንም ተሸክመው ከበር አወጧት። ግሬሻም በኋላ ተመለሰላቸው፤ ክርክሩ ግን ወደ ሌላ መሬት ዞረ እንጂ አላለቀም።

ባሏ በ1466 ሲሞት ማርጋሬት ለትልቁ ልጇ ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው? የአባትህን ወረቀቶች ጠብቅ፤ እሱ በመከራው ጊዜ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አስበልጦ የሚያያቸው እነሱን ነበር። ጠበቁም። አብዛኛው ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሚባለው የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው።

አሁን ወደ እኛ። የቤቱን ካርታ ዋናውን የት እንዳስቀመጥሽው ጻፊልኝ፤ በስልክ ብትነግሪኝ እረሳዋለሁ። ሽሮና በርበሬ በሰው ልኬልሻለሁ፤ ቆሎው ግን ለጓደኞችሽም ነው። ስትመጪ ያንን የጉልበት ቅባት እንዳትረሺ።

እናትሽ