መሬት ሲቀርብሽ አትዙሪ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። በርበሬውና ሽሮው ከአክስትሽ ልጅ ጋር ተልኳል። ፊኒክስ ሲደርስ ይደውልልሻል።

እሁድ ዕለት ወንድምሽ ቪዲዮሽን አምጥቶ አሳየን። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ከአውሮፕላኑ ስትወጪ እናትሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፓራሹቱ ሲከፈት ሁሉም አጨበጨበ። በእግርሽ ቆመሽ ስታርፊ ደግሞ እልልታው ቀለጠ። እኔ አላጨበጨብኩም። ወንድምሽ "አባዬ ተኮሳትሮ ነው ያየው" ብሎ እንደነገረሽ ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው። ምክንያቱ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

እንግዶቹ ሲሄዱ መጨረሻውን ደጋግሜ አስከፈትኩት። ከታች የሚቀርጽሽ ልጅ ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ ቁጥቋጦዎቹ ከእግርሽ ሥር ብቅ ይላሉ። ያኔ ግራ እጅሽ ወደ ታች ይወርዳል። ፓራሹትሽ ይጋደላል። አንቺ ወደ ውጭ ትወረወሪያለሽ፤ ፓራሹትሽ ከራስሽ በላይ መሆኑ ቀርቶ ከጎንሽ ይሆናል። ገና ሲቃና እግርሽ አቧራውን ነካ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ያቺን ሁለት ሰከንድ ነው ያላጨበጨብኩላት።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህን ስሚኝ፦ መሬት ሲቀርብሽ አትዙሪ።

እኛ ደብረ ዘይት ስንሠለጥን ፍርሃታችን አንድ ነበር፤ ፓራሹቱ እንቢ እንዳይል። ክቡ ፓራሹት አንዴ ከተከፈተ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። ነፋስ ወደ ወሰደን እንሄዳለን፣ እግራችንን ገጥመን እንወድቃለን፣ አቧራችንን አራግፈን እንነሳለን። የአንቺ ግን ክንፍ ነው። በክፍሎቹ ውስጥ አየር ሞልቶ ወደ ፊት ይበርራል። ይዞራል፣ ይፈጥናል፣ የመንጃ እጀታዎቹን በጊዜው ከሳብሻቸው ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በእግርሽ ቆመሽ የምታርፊውም ለዚህ ነው። ሰው የሚጎዳውም በዚሁ ነው። በእናንተ ስፖርት ፓራሹታቸው ደህና ተከፍቶላቸው የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ከእነሱም ጤነኛ ፓራሹት ይዘው መሬት አጠገብ በመዞራቸው የሞቱ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱን እጀታ ስትስቢ ፓራሹቱ ይጋደልና ወደ ታች ይጠልቃል። እጀታውን ብትለቂውም ወዲያው አይቃናም። ለመቃናት ጊዜ ይፈልጋል፣ ከፍታም ይፈልጋል። ከፍ ብለሽ ስታደርጊው ደስ የሚል ነገር ነው፤ አልክድሽም። 20 ሜትር ላይ ግን ከፍታው ከየት ይመጣል?

የሥልጠና መመሪያውን ወንድምሽ አውርዶልኝ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤዋለሁ። ለማረፊያ የተጻፈው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ክንፉ አይጋደል። ቀጥሎ ከፊትሽ ካለው እንቅፋት ራቂ። ከዚያ እጀታዎቹን ቢያንስ እስከ ግማሽ ሳቢ። ከዚያ እግርሽን ገጥመሽ ለመውደቅ ተዘጋጂ። ነፋሱ የግድ ፊት ለፊትሽ ይሁን የሚል እዚያ ውስጥ አላገኘሁም። ነፋሱ ከኋላሽ ከሆነ በፍጥነት ታርፊያለሽ፣ ትንከባለያለሽ፣ ጉልበትሽ ይላጣል። ይላጣ። የተላጠ ጉልበት በሳምንት ይድናል።

ዙሩን ከፍ ብለሽ ጨርሺ። ነፋሱን ከኋላ ይዘሽ መሄድ 1,000 ጫማ ላይ፣ ወደ ጎን መታጠፍ 600 ላይ፣ የመጨረሻዋ ዙር 300 ላይ ተብለሽ የለ? ከዚያ በታች ዙር የሚባል ነገር ከሐሳብሽ ይውጣ። አጥር ወይም ቁልቋል ድንገት ከመጣብሽ ደግሞ ሁለቱንም እጀታ እስከ ግማሽ ይዘሽ አንዱን ጥቂት ብቻ ጨምሪ። እንዲያ ሲሆን ፓራሹቱ ብዙ ሳይጋደል አቅጣጫ ይቀይራል። ይህንን በየዝላዩ ከፍ ብለሽ ተለማመጂው። የሚያስፈልግሽ ቀን ለማሰብ ጊዜ አይኖርሽም፤ እጅሽ ራሱ ማወቅ አለበት።

ሻምበልን ታስታውሺዋለሽ። በምርኩዙ በሩን ሲያንኳኳ ሮጠሽ ትከፍችለት ነበር። ከኪሱ ደስታ ከረሜላ አይጠፋም። "አባዬ፣ የት ጦርነት ላይ ነው የተመታው?" እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ዝም እልሽ ነበር። ዝም ያልኩት እሱ አደራ ስላለኝ ነው። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ለአንቺ ሕይወት ብዬ ብናገረው አይቀየመኝም።

ሻምበል ጦርነት ላይ አልተመታም። የተሰበረው በሰላም ቀን፣ በበዓል ትርኢት፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ እያየው ነው።

ከአንድ አውሮፕላን ነበር የወጣነው። እሱ ከፊቴ ነበር። ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ላይ የተያያዘው ገመድ ነው ፓራሹቱን የሚከፍትልን። ክቡን ፓራሹት እንደናንተ መንዳት አይቻልም፤ አንድ ዘዴ ግን አለ። ከትከሻሽ በላይ ያሉትን ማንጠልጠያዎች በአንድ ወገን ስበሽ ከያዝሽ ወደዚያው ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ታዲያ አወራረዱ ይፈጥናል። መሬት ሳይቀርብ መልቀቅ የግድ ነው። ይህን ከሻምበል በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለአዲሶቹ የሚያስተምረውም እሱ ነበር።

የዚያን ቀን እጮኛው ከድንኳኑ ሥር ቆማለች። ጠዋት ትጥቅ ስንታጠቅ "ፊቷ ነው የማርፈው" አለኝ። ነፋሱ ግን ወደ ሐይቁ በኩል ገፋን። እኔ ከበላዩ ሆኜ አየዋለሁ። ሁለት እጁን አስገብቶ ማንጠልጠያውን ጎተተ። ፓራሹቱ በአንድ ጎኑ ተጨማዶ ወደ ድንኳኑ ሄደ። "ልቀቀው" አልኩ በልቤ። አሁንም ይዞታል። ከዚያ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ። ላይ ጸጥ ያለ ነው፤ ድምፅ ይሰማል። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ሕዝቡ እያጨበጨበ ነበር። ጭብጨባው መሐል ላይ ሲቆረጥ ከላይ ሆኜ ሰማሁት።

ዳሌው ነው የተሰበረው። ለወራት ሆስፒታል ተኛ። ዝላዩ በዚያው ቀረ። ልጅቷ ግን አልተወችውም፤ ያቺ በየበዓሉ ድፎ ዳቦ የምትልክልሽ ባለቤቱ እሷ ናት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሁላችንም ተበተንን። እሱ ያንን ዳሌውን እየጎተተ ጥበቃ ሆኖ ልጆቹን አሳደገ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። እኔ አየዋለሁ፤ እሱም እንዳየሁት ያውቃል፤ ሌላ ወሬ እንጀምራለን። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አላወራንም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ምን ሆኖ እንዳልለቀቀው ከራሱ አፍ ሰምቼ ላንቺ ብነግርሽ እንዴት በወደድኩ።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ለልደትሽ የራስ ቁርሽ ላይ የምትለጠፍ ካሜራ ገዝተሻል አሉ። አሁን አትለጥፊያት። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ራሱ ቢያንስ 200 ዝላይ ሳይሞላ ካሜራ ይዞ መዝለልን አይመክርም። ገመድ ሊጠመጠምባት ይችላል። ሐሳብም ትሰርቃለች። ለወንድምሽ "የዞርኩት ለነፋሱ ብዬ ነው" ብለሽዋል። የሚቀርጽሽ ልጅ የቆመው ግን በዚያው በኩል ነበር። እኔ አባትሽ ነኝ፣ አውቅሻለሁ። ሰው ሲያይሽ ምን እንደምትሆኚ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከምትወጪበት ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። ማንም ይየኝ ብለሽ፣ ማንም ጋ ልድረስ ብለሽ፣ መሬት ሲቀርብሽ አትዙሪ።

ተዪው አልልሽም። እናትሽ ተዪው በላት ብላኝ ነበር፤ ይህን ስታነብ ትቆጣኛለች። በሩ ላይ ቆመሽ ነፋሱ ጉንጭሽን ሲመታው ምን እንደሚሰማሽ የማውቅ ሰው እንዴት ተዪው እላለሁ? ፈቃድሽን ያገኘሽ ቀን ማታ ደስታ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። እናትሽ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። እሷ ስለቷን ታድርስ፤ አንቺ ደግሞ የበኩልሽን አድርጊ።

135 ካሬ ጫማ የሆነ ያገለገለ ፓራሹት ልትገዢ ነው ሲባልም ሰማሁ። "ርካሽ ነው፣ ባለቤቷ ወልዳ ስላቆመች ነው የምትሸጠው" ብለሻል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንቺ 140 ፓውንድ ነሽ። ትጥቁ 25 ያህል ይመዝናል። 165 ሆነ። ለጀማሪ የሚመከረው በአንድ ካሬ ጫማ ከ1 ፓውንድ እንዳይበልጥ ነው። በ135ቱ ግን ከ1.2 ያልፍብሻል። 170 ፈልጊ። ትንሽ ፓራሹት ቀጥ ብሎ ሲሄድ ብቻ አይደለም የሚፈጥነው። ስትስቢው ቶሎ ይዞራል፣ ሲዞርም ቶሎ ይጠልቃል። ያቺ በቪዲዮ ያየኋት ዙር በ135ቱ ብትሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አልጽፈውም። እናትሽም ታነበዋለች።

እናትሽን "አይዞሽ፣ አሁን ራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለ" ብለሽ አጽናንተሻታል። መሣሪያው ጥሩ ነው። ሳይፕረስ የሚሉት ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው አትርፏል። ሥራው ግን አንድ ነው። ራሱን የሳተ ወይም የተዘናጋ ሰው በሙሉ ፍጥነት እየወደቀ 225 ሜትር ገደማ ሲደርስ መጠባበቂያውን ፓራሹት ይከፍትለታል። ዋናው ተከፍቶልሽ ቀስ እያልሽ ስትወርጂ ግን አይነቃም። ዝቅ ብለሽ ብትዞሪ እሱም አይደርስልሽ፣ መጠባበቂያውም አይደርስልሽ። እኛ ያላየነው መሣሪያ ሁሉ አላችሁ፤ ለዚያች ሁለት ሰከንድ የተሠራ ግን የለም።

ዋናው ተጠማዝዞ ከተከፈተብሽ 2,500 ጫማ ላይ ውሳኔሽን ጨርሺ። ዋናውን የሚያላቅቀው እጀታ በቀኝ፣ መጠባበቂያውን የሚከፍተው በግራ። አይተሽ ያዢ፣ ከዚያ ሳቢ። ከ1,000 ጫማ በታች ዋናውን ማላቀቅ የለም። ይህን አሠልጣኞችሽ ከእኔ በተሻለ አስተምረውሻል፤ አልደግመውም።

የአየሩን ነገር ግን ልንገርሽ። ደብረ ዘይት 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ አወራረዳችን ፈጣን ነበር። ያንቺ በረሃ ዝቅ ያለ ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ ግን ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል። ያው ፓራሹት ጠዋት ከነዳሽው ይልቅ ይፈጥንብሻል። በዚያ ላይ አቧራ እየጠመጠመ ሽቅብ የሚወጣው አዙሪት አለ። ፓራሹት ያጥፋል፣ ባዶ ያደርጋል። አቧራ ሲዞር ካየሽ ያን ሰዓት አትሳፈሪ። ጠዋት ዝለይ፣ ቀትር ላይ ዕረፊ።

ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ በቀጥታ ወደ ሜዳ አትሂጂ። ነርስ ነሽ፤ እንቅልፍ ያጣ እጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ጾም ላይ ከሆንሽ ደግሞ የዚያን ቀን አትዝለይ። በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ አይሆንም። የጤና ኢንሹራንስሽ ይህን ስፖርት ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። የእግር ማሰሪያሽን ከመታጠቅሽ በፊት እይው፣ ከመሳፈርሽ በፊት እይው፣ በሩ ሳይከፈት እይው። ፓራሹትሽን ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ አትተይው፤ ናይሎኑን ፀሐይ ይበላዋል።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዢ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ፈቃድ ያለው ሪገር፣ ማለትም የፓራሹት ባለሙያ፣ ይመርምርልሽ። የሻጯን ቃል ብቻ አትመኚ፤ ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች፣ ግን ባለሙያ አይደለችም። የመጠባበቂያው ካርድ ላይ መቼ እንደታጠፈ አንብቢ። አሜሪካ ውስጥ በ180 ቀን አንዴ በባለሙያ መታጠፍ አለበት። የአውቶማቲኩ መሣሪያ ዕድሜና የምርመራ ቀንም ይታይ።

ለልደትሽ ስጦታ አስቤልሻለሁ። የፓራሹት አነዳድ ኮርስ እከፍልልሻለሁ። ለሚቀጥለው ደረጃ፣ ለቢ ፈቃድ፣ ግዴታ እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ 50ኛው ዝላይ እስኪደርስ ግን አትጠብቂ። በዚህ ወር ተመዝገቢና ዋጋውን ለወንድምሽ ላኪለት። አሠልጣኙ መጀመሪያ ያንን ቪዲዮ ይየው። ሳታፍሪ አሳዪው፤ መጨረሻዋን ሁለት ሰከንድ ሳትቆርጪ። የሚልሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለ135ቱ ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ አስመልሺ። አልመልስም ካሉሽም ይቅር፣ አትከራከሪ። እኔ እተካልሻለሁ።

አባትሽ